የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ

በእንዲህ ያለ ገጽ ብዙውን ጊዜ የሚተቸው መጽሐፍ ወይም ፊልም ነው። ዛሬ ግን አንባቢዎቼ ከፈቀዱልኝ አንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ልተች። ከትችቱም እኔው ራሴ አላመልጥም።

ነገሩን ያመጣችው እንግዳ ናት። ሃያ ስምንት ዓመት ፍራንክፈርት የኖረች ታላቅ እህቴ ልትጠይቀን መጥታ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፌርፋክስ ላይ ምሳ በላን፤ ቡናውም በረካ ደረሰ። እንደ ልማዳችን ወደ መኪናው ላመራ ስል፣ «አሁን በእግራችን የት ነው የምንሄደው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ወደ ቤት ነዋ፣ እትዬ።»

«ቤትማ ማታም ይደረስበታል» አለች።

እርሷ በምትኖርበት አገር እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። ከዳቦ ቤት፣ ከነዳጅ ማደያና ከባቡር ጣቢያ በቀር የሚሸጥ የለም ማለት ይቻላል። የእሑድ ዕረፍት በ1919 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በወጣው የቫይማር ሕገ መንግሥት ውስጥ ሰፍሮ፣ የዛሬውም የጀርመን ሕገ መንግሥት ያንኑ አንቀጽ እንዳለ ወርሶታል። የሚሸመት ነገር ሲጠፋ ሰው ምን ያደርጋል? ጫማውን አጥብቆ ይወጣል። እህቴም መጀመሪያ «እብዶች ናቸው» ትል እንደነበር፣ በኋላ ግን ከጎረቤቶቿ ጋር በባቡር ወደ ታውኑስ ኮረብታዎች መውጣት እንደለመደች አጫወተችን። እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት የጀርመን መንግሥት ለሦስት ወር፣ በወር 9 ዩሮ ብቻ፣ በአገሩ ሁሉ በከተማና በአካባቢ ባቡሮች መጓዝ ሲፈቅድ፣ ስሙን እንኳ የማታውቀው ከተማ ወርዳ ሾርባ ጠጥታ ተመልሳለች። «ጀርመን የኔም አገር የመሰለኝ ሥራ ቦታ አይደለም፤ መንገድ ጠፍቶብኝ ስመለስ ነው» ነው የምትለው።

እንግዲህ ተነሣን። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄም ስልኳን እያየች ተከተለችን። ከፌርፋክስና ከኦሎምፒክ ጥግ እስከ ዊልሸር ጎዳና በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ግድም ነው። የከተማው ምክር ቤት ሰፈራችንን «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። እኔ ከዚያም በፊት ጀምሮ ታክሲ ስነዳ ሚራክል ማይል ስንት ቱሪስት እንዳወረድኩ ቁጥሩን አላውቀውም። በእግሬ ግን አንድም ቀን አልረገጥኩትም ነበር።

መጀመሪያ ያገኘነው በሥነ ጥበብ ቤተ መዘክሩ በር ላይ የቆሙትን የመንገድ መብራቶች ነው። ክሪስ በርደን የተባለው ሠዓሊ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የነበሩ 202 የብረት መብራቶችን ሰብስቦ፣ አድሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በረድፍ አቆማቸው። በቀን ብርሃን ሳያቸው፣ እውነቱን ልናገር፣ ምንም አላሉኝም። ግራጫ ምሰሶ፣ በምሰሶው መካከል ደግሞ ፎቶ የሚነሳ ሕዝብ። «ለዚህ ነበር እንዴ ያን ሁሉ ሰው ያመላለስኩት?» አልኩ በልቤ።

ከኋላ በኩል ማይክል ሃይዘር የሠራው ቋጥኝ አለ። 340 ቶን የሚመዝን ድንጋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሪቨርሳይድ በኩል በሌሊት በሌሊት እየተጓዘ አሥራ አንድ ሌሊት ፈጅቶበት ነው የደረሰው። 456 ጫማ ርዝመት ያለው ቦይ ተቆፍሮ ከበላዩ ተቀምጧል፤ ሰው በሥሩ ያልፋል። ስሙ «የተንሳፈፈ ግዝፈት» እንደ ማለት ነው። የኔ ትችት እዚህ ላይ ጠንከር ይላል። ስሙ የማይፈጽመውን ቃል ገብቷል፤ ድንጋዩ አልተንሳፈፈም፣ የተደገፈበት ብረት በግልጽ ይታያል። እህቴም ሽቅብ አየችና፣ «ላሊበላ ላይ እኮ ድንጋዩን ከቦታው ሳያነቃንቁ ነው ቤት ያደረጉት» አለች። ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ሰው የምትለው ይገባዋል። እዚያም በተቆፈረ ቦይ ቁልቁል ይወረዳል፤ ወርደው የሚያገኙት ግን መግቢያ በር ያለው ሕንፃ ነው። እዚህ ወርደው የሚያገኙት የጉዞውን ዝና ነው። ሆኖም ልጄ ስልኳን ኪሷ ከትታ፣ በሥሩ ስታልፍ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ድንጋዩን የተሸከመች መሰለች። ሥራውን ብነቅፍም ያችን ደቂቃ ስለሰጠኝ አመሰግነዋለሁ።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ሽታው ተቀበለን። «ላ ብሬያ» በስፓኝ ቋንቋ ሬንጅ ማለት ነው። ከመሬት የሚፈልቀው ዝፍት በበረዶው ዘመን እንስሳትን እየያዘ አስቀርቷል፤ ከዚያው የወጣው አጥንት ከ3 ሚሊዮን በላይ ነው። በኩሬው ውስጥ አንድ ማሞዝ፣ ማለትም የጥንት ዝሆን፣ ሲሰጥም ይታያል፤ ዳር ላይ ሌላ ትልቅ ማሞዝና ግልገል ቆመው ያያሉ። ሐዋርድ ቦል የተባለ ሰው በ1960ዎቹ መጨረሻ ከፋይበርግላስ የሠራው ነው።

ልጄ ከትምህርት ቤት ጋር መጥታ ኖሮ፣ አስጎብኚ ሆነች። «ይሄ ስህተት ነው፣ አባዬ» አለች። ኩሬው ድሮ አስፋልት ሲቆፈርበት የቀረ ጉድጓድ እንጂ የእንስሳት መስጠሚያ አይደለም። እንስሳቱን የያዛቸው ጥልቅ ኩሬ ሳይሆን በቅጠልና በአቧራ የተሸፈነ ቀጭን ዝፍት ነው። አንድ ተክል በሊታ ሲያዝ ብዙ ተኩላ ሊበላው ይመጣና አብሮ ይያዛል፤ ከወጣው አጥንትም የአዳኞቹ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ሁሉ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ ነገረችን። «ታር»ን በአማርኛ ምን እንደምትለው ሲጠፋት «ሬንጅ» አልኳት፤ ሁለት ጊዜ ደጋገመችው። ለካ ልጄን ፊት ለፊት ተቀምጬ አማርኛ ላስተምራት ከምታገል፣ ጎን ለጎን እየሄድን አንድ ነገር ብናይ ይሻል ኖሯል።

እንደ ሥራ ግን ከሦስቱ የበለጠብኝ ይኸው ስህተት ያለበት ነው። እህቴ ግልገሉን አይታ ዝም አለች። እርሷም እኔም ከቤት ስንወጣ ዳር ላይ ቆሞ ያየን ሰው ነበረ። ሠሪው ሳይንሱን ስቷል፤ ዳር ላይ የቆመን ሰው ግን አልሳተም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። የኛ እሑድ ባዶ ነው የሚል ካለ አያውቀንም። ልቅሶ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ሠርግ አለ፣ የዕድር ስብሰባ አለ፣ ለብዙዎቻችን ደግሞ ሁለተኛ ሥራ አለ። በባዕድ አገር ያቆመን ይህ መጠያየቅ ነውና አልነቅፈውም። የምነቅፈው አንድ ነገር ነው፤ እሑዳችን በሰው የተሞላ ሆኖ ቦታ የለውም። ከቤት ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ወደ ምግብ ቤት በመኪና እንመላለሳለን። በመካከል ያለውን አገር ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ጋር ሄደው ያዩታል፤ ማታ ሲመጡ እኛ ስላላየነው ምን ብለው ያጫውቱናል? ለዚያ ለመተያያ ገንዘብ አልጎደለንም። መብራቶቹን ለማየት ትኬት አይቆረጥም፤ ኩሬውም ከአጥሩ ውጪ ሆኖ ይታያል።

ስንመለስ መሽቶ 202ቱም መብራቶች በርተው ነበር። የቀኑን ፍርዴን አነሣለሁ፤ ሥራው የሚጀምረው ማታ ነው። ከመሬት እስከ ራስ ያለው ብርሃን የማንንም ፊት ያሳምራል። ልጄ እኔንና አክስቷን መካከል ላይ አቁማ ፎቶ አነሣችን። አንድ ታክሲ ጥግ ላይ ሰው አወረደ፤ ሾፌሩ ከመሪው ላይ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ያያል። የአገሬ ልጅ መሰለኝና ውረድ ብዬ በእጄ ጠራሁት። ሰዓቱን አሳየኝና ሄደ።