ከመስመሩ ስር ያለው ስም

አማርኛ «ሰረዘ» ሲል መስመር ሳበበት ማለቱም ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ወፍራም መዝገብ ላይ በስህተት የተሰረዘ ስም ከመስመሩ ስር ይነበባል። ኮምፒውተር ላይ ግን የተሰረዘ ሁሉ የጠፋ ይመስለናል።

የሻሾጎ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በቦኖሻ አንዲት መዝገብ ያዥ አለች እንበል። አንድ ሰው ልትሰርዝ «ዲሊት» ብላ ጻፈች፤ የትኛውን እንደሆነ የሚለየውን «ዌር» ግን ዘለለችው። ሰንጠረዡ ባንዴ ባዶ ሆነ።

ዳታቤዙ ማሪያዲቢ ከሆነና እያንዳንዱን ለውጥ በየረድፉ በባይነሪ ሎግ እንዲመዘግብ አስቀድሞ ከታዘዘ፣ የተሰረዘው ረድፍ ሙሉ ይዘቱ ሎጉ ውስጥ ተቀምጧል። ከ10.2 ስሪት ጀምሮ አብሮ የሚመጣው፣ ለውጥን ወደ ነበረበት የሚመልሰው ፍላሽባክ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። መነሻው የአሊባባው መሐንዲስ የሊሹን ፔንግ ሥራ ነው፤ ባየሁት ቁጥር እጅ የሚያስነሳኝ ሥራ።

ሎጉ ውስጥ ረድፍ ማስገባትና ረድፍ መሰረዝ የሚጻፉት በአንድ ዓይነት ቅርጽ ነው። የሚለያቸው 5ኛው ባይት ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ስረዛ 25፣ ማስገባት 23። ፍላሽባክ 25ቱን 23 ያደርገዋል። በቃ! የነተበ ኮሌታ ገልብጦ የሚሰፋ ልብስ ሰፊም እንዲሁ ነው፤ ጨርቁን አይለውጥም፣ ፊቱን ብቻ ያዞረዋል። ከዚያ ሎጉን ከኋላ ወደፊት ያስኬደዋል። የቤተሰቡ አባላት ቀድመው፣ የቤቱ ኃላፊ ኋላ ተሰርዘው ከነበረ፣ ሲመለሱ ኃላፊው ይቀድማል።

ረድፉን እንደ ጽሑፍ አንብበው አዲስ «ኢንሰርት» የሚጽፉ ስክሪፕቶችም አሉ። ይጠቅማሉ፤ በግዕዝ ፊደል ግን እሰጋላቸዋለሁ። «ቦኖሻ» በዩቲኤፍ-8 ሦስት ፊደል፣ 9 ባይት ነው። በመንገዱ ላይ የፊደል ቅንብሩ ከተሳሳተ «???» ሆኖ ይመለሳል። ፍላሽባክ ቃሉን አያነበውም፤ 9ኙን ባይት እንዳሉ አሳልፎ ያስረክባል። እኔ ጥበብ የምለው ይህን አለመንካት ነው።

ሰንጠረዡ በ«ትራንኬት» ከተጠረገ ግን ሎጉ ረድፎቹን አይዝም፤ ያኔ ተስፋው ባክአፕ ነው። ጥንቁቅ ባለሙያም ውጤቱን መጀመሪያ በቅጂ ላይ ይሞክራል፣ ረድፎቹን ይቆጥራል።

ሲቆጥር ደግሞ መለያ ቁጥሮቹን ይመለከታል። 214 የነበረው 214 ሆኖ ተመልሷል፤ ባለጉዳዩ በኪሱ የያዘው ካርድ ላይም የተጻፈው 214 ነው።