በሽቦ አጥር ውስጥ ስለ ተሠራ የእጅ ጥበብ

አለን ኢተን በ1952 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የታጎሩ የጃፓን ተወላጆች ስለ ሠሯቸው የእጅ ሥራዎች የሚናገር ነው። በየካቲት 1942 እ.ኤ.አ. በወጣው የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ ምክንያት 120,000 ያህል ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው በ10 ሰፈሮች ተቀመጡ፤ አብዛኞቹ በትውልድ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። በቱሊ ሌክና በቶፓዝ የነበሩት ከደረቀ የሐይቅ ወለል ዛጎል ቆፍረው ጌጥ ሠሩ፤ ሌሎችም ከውዳቂ ሳንቃ ወንበርና ሣጥን አበጁ።

የመጽሐፉ ታላቅ ምስጋና፣ ሥራውን የተራው ሰው ሥራ አድርጎ በክብር ማቅረቡና የግዞቱን በደል አለመሸፋፈኑ ነው። ነገር ግን ውበቱ ከሠሪው ይልቅ ጎልቶ ይታያል። የዚህ ጉድለት ዋጋ ዘግይቶ ተገለጠ። ኢተን ዕቃዎቹን የተቀበሉት ለሕዝብ እንዲታዩ ተብሎ በስጦታ ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ግን 450 ያህሉ ለጨረታ ቀረቡ። የታጎሩት ሰዎችና ልጆቻቸው አጥብቀው ስለ ተቃወሙ ጨረታው ቀርቶ ዕቃዎቹ በሎስ አንጀለስ ወዳለው የጃፓናውያን አሜሪካውያን ቤተ መዘክር ገቡ። ከዚያም ቤተ መዘክሩ ዕቃዎቹን ከከተማ ወደ ከተማ እያዞረ፣ የብዙዎቹን ሠሪዎችና በሥዕሎቹ የሚታዩትን ሰዎች ማንነት ከሕዝቡ መጠየቅ ግድ ሆነበት።

ይህ ነገር ለአሶሳ ሩቅ አይደለም። የሸርቆሌ ሰፈር በ1997 እ.ኤ.አ. ለሱዳን ስደተኞች ተከፈተ፤ የባምባሲውም በ2012 እ.ኤ.አ. ከብሉ ናይል ጦርነት ለሸሹት ተቋቋመ። እርግጥ ስደተኛና እስረኛ አንድ አይደሉም፤ አንዱ ጥግ ፈልጎ የመጣ፣ ሌላው በገዛ መንግሥቱ የታጎረ ነው። ቢሆንም ሁለቱም ከለመዱት ደን፣ ወንዝና ገበያ ተለይተው ባገኙት ነገር ይሠራሉ።

ስለዚህ ከእነዚህ ሰፈሮች ቅርጫት ወይም ምንጣፍ የሚሰበስብ ተመራማሪ፣ «የበርታ ሥራ» ብሎ ቢጽፍ ገና ምንም አልጻፈም። የአሶሳ ቆላ ሽመል ውስጡ ድፍን ስለሆነ፣ ክፍት ከሆነው የደጋ ቀርከሃ የተለየ አሠራር ይሻል፤ ሠሪው ይህን ከአገሩ ይዞት መጣ ወይስ ከአሶሳ ጎረቤቱ ተማረ? ሽመሉን በማን ፈቃድ ቆረጠ? ለቤቱ ሠራ ወይስ ለእህል ሊለውጥ? ዕቃውን በስጦታ ሰጠ፣ ሸጠ ወይስ አዋሰ? ሠሪው ፈቅዶ ስሙ ካልተመዘገበ፣ የልጅ ልጁ አንድ ቀን ከቤተ መዘክር መስተዋት ፊት ቆሞ የአያቱን ሥራ ሳያውቀው ያልፋል።