«ቢያንስ» የምትባለው ቃል

ጂንካ ላይ ቡና እየጠጣሁ ሳለ አንድ አስጎብኚ ወጣት ስልኩን ወደ እኔ አዞረና ሳቀ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ 130 ሺህ አሉን፤ ቀጥሎ 195 ሺህ፤ አሁን ደግሞ 233 ሺህ። ፈረንጆቹ ደስ ሲላቸው ይጨምሩበታል ማለት ነው!»

ስልኩ ላይ የነበረው የኪቢሽ ሰው ዜና ነው። አንድ የራስ ቅል ሥዕል፣ አንድ ትልቅ ቁጥር፣ «የዓለም ጥንታዊው ሰው» የሚል ርዕስ። በቃ። ልጁን ልቆጣው ዳድቶኝ ነበር፤ ኋላ ግን ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ገባኝ። ያንን ብቻ ያነበበ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ሊል ይችላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሪቻርድ ሊኪ ይመራው በነበረው ቡድን ውስጥ የሚሠራው ኬንያዊው ካሞያ ኪሜዩ፣ ከጂንካ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በኛንጋቶሞች አገር የሰው አፅም አገኘ። የአፅሙ ዕድሜ በመጀመሪያ በዚያው ደለል ከተገኙ ቅርፊቶች ተሰልቶ 130,000 ዓመት ግድም ተባለ። በ2005 ማክዱጋል፣ ብራውንና ፍሊግል የእሳተ ገሞራ ደለሉን መርምረው 195,000 ገደማ አደረሱት። በ2022 መግቢያ ደግሞ ሴሊን ቪዳልና ባልደረቦቿ ከ233,000 ዓመት እንደማያንስ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አሳወቁ።

እንዴት ደረሱበት? የዜናው ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከስልኩ የጠፋውም ይኸው ነው። አፅሙ የተገኘው ከወፍራም የአመድ ንብርብር ሥር ነው። አመዱ ግን እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ዕድሜው በቀጥታ አይለካም። አጥኚዎቹ የአመዱን ኬሚካዊ አሻራ ከሌሎች የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች ጋር ቢያመሳክሩት ከሻላ ጋር ገጠመ። ዛሬ ሐይቁ የተኛበት ያ ተራራ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ፈንድቶ ነበር ማለት ነው። ፍንዳታው በሻላ ዙሪያ ትቶት የሄደው ሻካራ ድንጋይ ግን ይለካል፤ ተለካም።

ብርድ ልብስ ለብሶ የተኛ ሰው ብታገኙ፣ ሰውየው የተኛው ብርድ ልብሱ ሳይደረብለት በፊት ነው። ከስንት ሰዓት በፊት እንደሆነ ግን ብርድ ልብሱ አይነግራችሁም። «ቢያንስ» የምትለው ቃል ሥራ ይህ ነው። ዜናው እሷን ቆርጦ ጣላት፤ 22,000 ዓመት ወደ ላይም ወደ ታችም ሊል እንደሚችል የተጻፈውንም አብሮ ጣለው። «ጥንታዊው» የሚለው ማዕረግም አከራካሪ ነው፤ ሞሮኮ ውስጥ ጀበል ኢርሁድ የተገኙት አፅሞች በ2017 ወደ 300,000 ዓመት ተገምተዋልና። የእነሱ የራስ ቅል ቅርፅ ከእኛ ስለሚለይ ክርክሩ አላበቃም።

እኔ የምነቅፈው የዜናውን አጭርነት አይደለም። «ቢያንስ» ስንት ፊደል ናት? የምነቅፈው ውጤቱን አቅርቦ መንገዱን መደበቁን ነው። መንገዱን ያላየ አንባቢ ቁጥሩ ሲለወጥ ተዋሸሁ ይላል፤ መንገዱን ያየ ግን እውቀቱ ተሻሻለ ይላል። ይህ ደግሞ የአጥንት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 የማርበርግ ቫይረስ በዚህችው በጂንካ መከሰቱ ይፋ ሆኗል። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የታማሚው ቁጥር ከቀን ቀን ይለወጣል፤ ምክሩም እንደ ማስረጃው ይታረማል። «ሲፈልጉ ይጨምሩበታል» ማለትን የለመደ ጆሮ ያን ጊዜ ማንን ይሰማል?

ለወጣቱ የብርድ ልብሱን ነገር አጫወትኩት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ብርድ ልብሱ ከሻላ ድረስ መጣ?» አለኝ። እንግዶቹን ወደዚያ ሲወስድ ከቁጥሩ በፊት ይህን እንዲነግራቸው ለመንኩት።