የመርማሪው ካፖርት

ከተወዳጅ ፊልም ጀርባ የሚነገሩ ጥቃቅን ወሬዎች ብዙውን ጊዜ ለጨዋታ ማሟያ ይሆናሉ። የአሜሪካው ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም «ኮሎምቦ» ግን ከጨዋታ የሚያልፍ ቁም ነገር ይዟል። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1978፣ በኋላም ከ1989 እስከ 2003 በቀረበው በዚህ ፊልም መርማሪው የሚለብሰው የተጨማደደ የዝናብ ካፖርት የተዋናዩ የፒተር ፎልክ የግል ልብስ ነበር። አሮጌዋን ፔጆ 403 የመረጣትም እሱ ራሱ ነው። ደራሲያኑ ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊልያም ሊንክ ደግሞ ለገጸ ባሕርይው መነሻ ያደረጉት በዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» ውስጥ ያለውን መርማሪ ፖርፊሪ ፔትሮቪችን ነው።

ነፍሰ ገዳዩ ከመነሻው ስለሚታወቅ ተመልካቹ የሚጠብቀው አያያዙን ነው። ገዳዮቹ በአብዛኛው የሎስ አንጀለስ ባለጠጎችና ዝነኞች ናቸው። ካፖርቱን አይተው መርማሪውን ይንቁታል፤ በንቀታቸውም ይጠመዳሉ። እንግዲህ ያ አሮጌ ልብስ የድርሰቱን ግጭት ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው።

ሆኖም በመሠረቱ አንድ ጉድለት አለ። በየክፍሉ መጨረሻ አንድ ባለጠጋ ይያዛል፤ ንቀቱን የወለደው የኑሮ ሥርዓት ግን ሳይመረመር ያልፋል። የመድረክ ባለሙያዎቻችን የካፖርቱን ጥበብ ይማሩ፤ ዝምታውን ግን አይውረሱ።