ሁለተኛው ሻኛ የት ገባ?

እ.ኤ.አ. በ2006 በለንደኑ ሚድልሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሰኢድ ዴህናዲና ሪቻርድ ቦርናት ያዘጋጁት አንድ ጽሑፍ በፕሮግራሚንግ መምህራን ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። ርእሱ ስለ ባለ ሁለት ሻኛ ግመል ነው። የጀማሪ ተማሪዎች ውጤት በግራፍ ሲሳል ሁለት ጉብታ ያወጣል ይላል፤ አንዱ የሚችሉት፣ ሌላው የማይችሉት። ጸሐፊዎቹ ከዚህም አልፈው፣ ማን ከየትኛው ወገን እንደሚሆን ትምህርት ሳይጀመር በፈተና መለየት ይቻላል አሉ።

ፈተናው የሚከተለውን ይመስላል። ሀ = 10፤ ለ = 20፤ ሀ = ለ። አሁን ሀ እና ለ ስንት ናቸው? ኮድ አይቶ የማያውቅ ሰው መልሱ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ የ“ለ” ዋጋ ወደ “ሀ” ስለተቀዳ ሁለቱም 20 ሆኑ ይላል፤ አብዛኞቹ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ሌላው ከግራ ወደ ቀኝ አንብቦ ሁለቱንም 10 ያደርጋቸዋል። ዋጋው ከ“ለ” ወጥቶ ሄዷልና “ለ” ባዶውን ቀረ የሚል አለ፤ ተለዋወጡ የሚልም አለ። አልጀብራ የለመደው ደግሞ 10 እና 20 እንዴት እኩል ይሆናሉ ብሎ እርሳሱን ያስቀምጣል። ተመራማሪዎቹ የፈለጉት ትክክለኛውን መልስ አልነበረም፤ ተፈታኙ አንዴ የያዘውን ግምት እስከ መጨረሻው ጥያቄ ሳያፋልስ መዝለቁን ነው።

ጥያቄው የብልህ ጥያቄ ነው። ድምዳሜው ግን አልጸናም። በ2007 ሚካኤል ካስፐርሰንና ባልደረቦቻቸው በዴንማርክ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ፈተናውን ቢደግሙት የተባለውን ዝምድና አላገኙትም። በ2014 ቦርናት ራሳቸው የተሰጥኦ መለኪያ አግኝተናል ማለታቸው ማስረጃው የማይሸከመው እንደነበር ገልጸው ጽሑፉን በይፋ ሻሩት፤ ይህን የሚደፍር ምሁር ብዙ አይደለም። በ2016 ደግሞ ኤሊዛቤት ፓቲሳስና ባልደረቦቻቸው የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲን 778 የውጤት ሥርጭቶች ሲፈትሹ ከአንድ በላይ ጉብታ የታየባቸው 5.8 በመቶው ብቻ ሆኑ። የቀረው እንደ አፋር ግመል ነው። ከሁሉ የሚገርመው፣ ፕሮግራሚንግ አብሮ የሚወለድ ችሎታ ነው ብለው የሚያምኑ መምህራን አሻሚ ግራፍ ሲቀርብላቸው ሁለት ጉብታ የማየት ዝንባሌያቸው ከሌሎቹ በልጦ መገኘቱ ነው።

እምነቱ ለምን ጣፈጠ? መምህሩን ከተጠያቂነት ስለሚያወጣው ይመስለኛል። ሮይ ፒ በ1986 ባሳተሙት ጥናት የጀማሪዎችን ስሕተት ሥር ሲፈልጉ ያገኙት ሌላ ነገር ነው፤ ተማሪው ኮምፒውተሩ ውስጥ ሐሳቡን የሚረዳለት አእምሮ የተደበቀ ይመስለዋል። እንደ “ሀ” እና “ለ” ላለ ተለዋዋጭ “ትልቁ” የሚል ስም ካወጣለት፣ ከሚገቡት ቁጥሮች ትልቁ ራሱ መጥቶ እዚያ የሚቀመጥ ይመስለዋል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ከሰው ጋር ሲነጋገር የኖረ ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ያልተነገረውንም ይሞላል። የጎደለው ማሽኑ በየመስመሩ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ የአእምሮ ሥዕል ነው፤ ይህን ሥዕል በአብዛኛው ማንም አላስተማረውም።

ይህ ጉድለት የጀማሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ የተሰጥኦው ወገን ገና መከራከሪያ ባላጣ ነበር። ዴንማርካዊው ፒተር ናውር ግን በ1985 ስለ ሁለት የባለሙያ ቡድኖች ጽፈዋል። አንደኛው ቡድን ኮምፓይለር፣ ማለትም ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም፣ ሠራ፤ ሁለተኛው ከነሙሉ ሰነዱና ከነኮዱ ተረክቦ ሊያሰፋው ተነሣ። የሁለተኛው ቡድን ሐሳቦች በተደጋጋሚ የፕሮግራሙን መዋቅር የሚያበላሹ ሆኑ፤ የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ግን እዚያው መዋቅር ውስጥ ቀላል መፍትሔ ወዲያው ይታያቸው ነበር። ናውር ፕሮግራም ማለት በሠሪው አእምሮ ውስጥ ያለው ግንዛቤ ነው፣ ጽሑፉ ብቻውን አይበቃም ያሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። እንግዲህ ሁለተኛው ቡድን ያጣው ያ “ሀ = ለ” ፊት እርሳሱን ያስቀመጠው ጀማሪ ያጣውን ነው፤ ጽሑፉ በእጅ አለ፣ ሥዕሉ የለም። የሙያ ዓመታት ይህን ሥዕል አብረው አያስረክቡም።

የምዘናችን ነገር የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። በ2004 ሬይመንድ ሊስተር የመሩት፣ በርካታ አገሮችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው ብዙ ተማሪዎች አጭር ኮድ መስመር በመስመር ተከትለው ውጤቱን መናገር እንኳ ይቸግራቸዋል። ባዶ ወረቀት ሰጥቶ “ፕሮግራም ጻፍ” የሚል ፈተና ታዲያ ይህን ተማሪና ኮዱን አንብቦ የሚረዳ፣ ዲዛይኑ ብቻ የጠፋውን ተማሪ ያው አንድ ዜሮ ይሰጣቸዋል።