በክብ ውስጥ ያለ አራት ማዕዘን

ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ የሚሄድ ሰው ወደ ሰሜን፣ ጥቂትም ወደ ምዕራብ ዘንበል እያለ ይጓዛል። አቅጣጫው ቢጠፋበት አንድ ደብር ገብቶ መሳለም ይበቃዋል።

የጎጃም ክብ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲታይ ፊትና ጀርባ የለውም። ቅድስት ሲደርሱ ግን መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆማል፤ አራቱ ግድግዳዎቹም አራቱን መዓዝን ይመለከታሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ በክቡና በአራት ማዕዘኑ መካከል የቀረው መተላለፊያ ነው። በግድግዳው አጋማሽ ላይ ሰፋ ይላል፣ ጥጉ ጋ ሲደርሱ ይጠባል፣ ጥጉን ሲያልፉ ደግሞ ይሰፋል። ዓይኑን ጨፍኖ የሚዞር ሰው እንኳ አራቱን ጥጎች በትከሻው ይቆጥራቸዋል። ግንበኛው አቅጣጫን በገላ እንዲታወቅ አድርጎ ሠርቶታል፤ ከዚህ የረቀቀ ሥራ አላየሁም።

ቃሎቹም እንዲሁ በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው። ምሥራቅ ከግእዙ «ሠረቀ»፣ ማለትም ወጣ፣ ምዕራብም «ዐረበ»፣ ማለትም ገባ፣ ከሚለው የመጡ ናቸው። የሜዲትራኒያን መርከበኞችም ምሥራቁን ሌቫንቴ፣ «የሚወጣው»፣ ምዕራቡን ፖኔንቴ፣ «የሚገባው» ይሉ ነበር፤ በጥንቱ የኮምፓስ ገጽ ላይም ብዙ ጊዜ የምሥራቁ ምልክት መስቀል ነበር። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ሕዝቡን ወደ ምሥራቅ እንዲመለከት ሲያዝ ያ መስቀል ትዝ ይለኛል።

በፀሐይ የተሰየመው ቃል ከቦታው ንቅንቅ አላለም። በምድር የተሰየመው ግን ዞሯል። ጣሊያኖቹ ሰሜኑን ትራሞንታና፣ «ከተራራው ማዶ» አሉት፤ ከተራራው ወዲያ ለሚኖር ሰው ስሙ አይሠራም። የእኛው ሰሜንም የተራራ ታሪክ አለው። በጥንቱ ግእዝ ሰሜን ማለት ዛሬ ደቡብ የምንለው ነበር፣ ደቡብም ዛሬ ሰሜን የምንለው፤ የሰሜን ተራሮች ከአክሱም በስተደቡብ ናቸውና። መንግሥቱ ወደ ደቡብ እየወረደ ሲመጣ ተራራው እዚያው ቀረ፣ ተናጋሪው ግን ተሻገረው፤ ቃሉም ተገለበጠ።

የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ዘመን ያስተከሉት ሞጣ ጊዮርጊስ የቆመው ቃሉ በዞረበት ወገን ነው። እንደ ደንቡ ወንዶች በሚቆሙበት በሰሜኑ በኩል ወጥቶ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎንደር ምድር አልፎ፣ እነዚያው የሰሜን ተራሮች ላይ ይደርሳል።