ከከሰመ በኋላ የሚያገረሽ ፍርሃት፦ ዕድሜ ወይስ አስተዳደግ?

በጅማ ዞን፣ ከአጋሮ እስከ ጌራ ባለው የቡና ደን ዳር፣ በቆሎው እሸት መያዝ ሲጀምር ማማ ይተከላል። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት የዱር አሳማና ጃርት ስለሚመጡ ጥበቃው ፋታ የለውም። ቶላ ገመቹ አንጎ፣ ሎቬ ቦርየሶንና ፈይራ ሰንበታ በ2017 እ.ኤ.አ. «ኦሪክስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት፣ ሰብሉን በዋናነት የሚያጠፉት ዝንጀሮና የዱር አሳማ መሆናቸውንና ጥበቃው አንዳንዴ ልጆችን ከትምህርት ገበታ እንደሚያስቀር አሳይቷል። ጥናቱ የመዘነው የኑሮን ጉዳት ነው። እኔ የማነሣው ሌላ ጉዳይ ነው፦ ማማው ዙሪያ ሁለት ታዳጊዎች ይፋጠጣሉ። ልጁ ጨለማውንና አውሬውን ይፈራል፤ የዝንጀሮዋ ግልገል ወንጭፉንና ጩኸቱን ትፈራለች። በዚህ ዕድሜ የገባ ፍርሃት ከወጣ በኋላ ይመለሳል ወይ?

ስለ አዋቂ እንስሳ መልሱ ከታወቀ ቆይቷል። ድምፅ ከኤሌክትሪክ ንዝረት ጋር ተጣምሮ ያስፈራው አይጥ፣ ያንኑ ድምፅ ያለ ንዝረት ደጋግሞ ሲሰማ መፍራቱን ይተዋል። ተመራማሪዎች ይህን የፍርሃት መክሰም ይሉታል። የከሰመው ግን አልጠፋም። ፓቭሎቭ በውሾቹ ላይ የከሰመ ምላሽ ከዕረፍት በኋላ በራሱ ጊዜ ሲመለስ አይቷል። ሬስኮርላና ሄዝ በ1975 ብቻውን የመጣ ንዝረት ፍርሃቱን እንደሚቀሰቅሰው አሳዩ፤ ቡተን ደግሞ ፍርሃቱ የከሰመበት ክፍል ሲለወጥ እንደሚያገረሽ። እንግዲህ መክሰም ማለት በአሮጌው ትውስታ ላይ «እዚህ፣ አሁን፣ አደጋ የለም» የሚል አዲስ ትምህርት መደረቡ ነው።

በ2007 በሲድኒ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ፣ ጂ ህዩን ኪምና ሪክ ሪቻርድሰን ይህንኑ በአይጥ ልጆች ላይ ሲፈትኑት ሌላ ነገር ገጠማቸው። የ24 ቀን አይጦች እንደ አዋቂዎቹ አገረሸባቸው። የ17 ቀኖቹ ግን ክፍሉ ቢለወጥም፣ ንዝረቱ ቢደገምም ፍርሃቱ አልተመለሰባቸውም። ልዩነቱ የአንድ ሳምንት ዕድሜ ብቻ ነው። በ2009 በባዝል ናዲን ጎጎላና ባልደረቦቿ ምክንያቱን ፍለጋ አሚግዳላ ወደሚባለው የአንጎል ክፍል ገቡ። በእነዚያ ቀናት በነርቭ ሕዋሳቱ ዙሪያ ከፕሮቲንና ከስኳር የተሠራ መረብ ይጠነክራል። መረቡን በኢንዛይም ሲያሟሙት፣ የአዋቂ አይጥ ፍርሃትም እንደ ሕፃኑ ላይመለስ ከሰመ። ይህ የሆነው ግን አይጡ ፍርሃቱን ከመማሩ በፊት ኢንዛይሙ ሲሰጠው ብቻ ነው። ቀድሞ የተማረውን አልፈታውም። ይህች ዝርዝር ስትዘለል ነው «ፍርሃትን የሚያጠፋ መድኃኒት ተገኘ» የሚለው ተስፋ የሚነዛው።

ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ጊዜ የሚደመደመው «ሕፃን ቶሎ ይረሳል» በሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴም ከዚያው ከሲድኒ ቤተ ሙከራ የወጣ ነው። በ2011 ብሪጅት ካላግንና ሪቻርድሰን የአይጥ ልጆችን ከተወለዱ በ2ኛው ቀን ጀምረው እስከ 14ኛው ድረስ በየቀኑ ለ3 ሰዓት ከእናታቸው ለዩ። ከዚያ በኋላ በ17 ቀናቸው ፍርሃቱ ሲከስም እንደ ትልልቆቹ አገረሸባቸው። የጭንቀት ሆርሞን በእናትየዋ መጠጥ ውሃ ውስጥ ሲጨመርም ልጆቿ ላይ የታየው ይኸው ነው። ስለዚህ ከማገርሸት የሚጠብቀውን ጋሻ ዕድሜ ብቻውን አይሰጥም፤ እናትየዋ ሰላም ስታገኝ ልጁ የሚያገኘው ነው። የ2007ቱን ውጤት ያለ 2011ዱ የሚያነብ ሰው ግማሹን ብቻ አንብቧል።

በጉርምስና ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ሲኦባን ፓትዌልና ባልደረቦቿ በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉ ታዳጊዎች ከእነሱ ከሚያንሱት ልጆችም ከአዋቂዎችም ይልቅ ፍርሃታቸው ሳይከስም ቆየ። በአይጦችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ። የአይጥን ቀን በልጅ ዓመት መመንዘር አይቻልም፤ ይህኛው ግን በሰው ልጆች ላይ የተደረገ ነው። ማሳ እንዲጠብቅ ሌሊት ማማ ላይ የሚወጣ ልጅ በዚህ የዕድሜ ክልል ውስጥ ሊሆን ይችላል። አንድ ሌሊት አሳማ ከሥሩ ገብቶ ያስደነገጠው ልጅ፣ በማግስቱ ቤቱ ቡና ሲፈላ ተቀምጦ ደኅና ይመስላል። የቤቱ ሰላም ግን የማማውን ፍርሃት አያከስምም፤ ሲመሽ ወደዚያው ቦታ ይመለሳልና። ወላጆች «ለመደው» ሲሉ ፍርሃቱ ከስሟል ወይስ ቦታው ተለውጦ ነው የሚለውን መለየት ያሻል።

የዝንጀሮዋ ግልገል ጉዳይ የቤተ ሙከራውን ጉድለት ያሳያል። እዚያ እንስሳው ብቻውን ይማራል፣ ብቻውን ይተዋል። ሱዛን ሚኔካና ማይክል ኩክ ግን በ1980ዎቹ ወጣት የሬሰስ ጦጣዎች እባብን መፍራት የተማሩት ሌላ ጦጣ ስትፈራ አይተው ብቻ መሆኑን አረጋግጠዋል። ዝንጀሮም በመንጋ የሚኖር ነው። ማሳ መሐል የቆመ ጨርቅ ለባሽ ማስፈራሪያ ማንንም ካልጎዳ ግልገሏ ትደፍረዋለች። አንድ ቀን ከጎኑ ድንጋይ ቢወረወርና እናቷ ስትሸሽ ብታይ ግን፣ የተወችው ፍርሃት በአንዴ ሊመለስ ይችላል። ይህ ከሬስኮርላና ከሄዝ ግኝት የምገምተው ነው፤ በጌራ ማሳ ላይ ሊፈተን የሚችል፣ ለገበሬውም የቀኑን ጥበቃ ሊያሳጥርለት የሚችል ግምት።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከ2005 ጀምሮ በግልገል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከሉ በዚያው ስም በሚጠራው ግድብ ዙሪያ ያሉ ቤተሰቦችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ይከታተላል። እንዲህ ያለው ተከታታይ ምዝገባ ወደ ደን ዳር ቀበሌዎች ቢሻገርና በመከር ወቅት ሁለት ጥያቄ ቢጨመርበት፣ ማለትም ሌሊት ማማ ላይ ማን አደረ፣ እናቱስ በዚያ ወቅት እንዴት ሰነበተች ቢባል፣ ከሲድኒ የመጣውን ግኝት በሰው ልጅ ኑሮ ላይ መፈተን ይቻል ነበር።